የአማቼ ቀኝ እጅ

ልጄ እጮኛዋን ልታስተዋውቀኝ ያመጣችው ዕለት ሰውዬው መጀመሪያ የጨበጠው የእኔን እጅ ሳይሆን የስፌት መኪናዬን መዘውር ነው። "ዘይት ፈልጋለች" አለና ቁጭ ብሎ ቀባት። ከዚያ በኋላ እስኪሄድ ድረስ ሌላ ቃል አልወጣውም። እኔ ደግሞ የምወደው የሚናገር ሰው ነው፤ ተናግሮ የሚሳሳት፣ ተሳስቶም የሚከራከር። ይኼኛው ነገር በሆዱ የሚይዝ ነው። ቢሰድቡት "እሺ"፣ ቢያመሰግኑት "እሺ"። እንዲህ ካለ ሰው ጋር እንዴት ተጣልቶ እንዴት ይታረቃል?

ተጋቡ። ቤት ፍለጋ ከሚንከራተቱ ብዬ እኔው ጋ አስገባኋቸው፤ ማንም አላስገደደኝም። የፊቱን ክፍል ለአማቼ ሰጠሁት። እሱም ጀነሬተር፣ የውሃ መሳቢያ፣ የሣር ማጨጃ፣ በገመድ ተጎትቶ የሚነሳ ትንሽ ሞተር ሁሉ የሚጠግንበት አደረገው። እኔ ከኋላ ባለው ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። በመካከላችን ያለው አንድ ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው። እሱ ሞተር ባስነሳ ቁጥር የእኔ ጠረጴዛ ይንቀጠቀጣል። አንዲት ሙሽራ ቬሎዋን ለብሳ መስታወት ፊት ከቆመች በኋላ "ምንድነው የሚሸተኝ?" ብላ ስትጠይቀኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ "አዲስ ጨርቅ እንዲህ ነው የሚሸተው" አልኳት። ቤንዚን ነበር።

ግን ልጄ እዚያው ቤት ውስጥ ነበረች። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ጠዋት ስትነሳ ኮቴዋን እሰማለሁ፤ ማታ ስትስቅ እሰማለሁ። አሁን ደግሞ አርግዛ ሆዷ እየገፋ ነው። ለዚህ ስል ቤንዚን አይደለም፣ ማደያው ራሱ ቤቴ ቢገባ እችለዋለሁ።

ጉዱ የመጣው አማቼ እጁን የተሰበረ ዕለት ነው። አንድ እልኸኛ ሞተር ለማስነሳት ገመዱን ሲስብ፣ ሞተሩ መልሶ ወደ ኋላ ጎተተውና የቀኝ እጁን አንጓ ሰበረው። እሱ አልጮኸም። የጮህኩት እኔ ነኝ። ከሐኪም ቤት እስከ ክንዱ ድረስ ጀሶ ተለብጦ ተመለሰና በሥራ ቦታው ተቀምጦ የተፈቱ ሞተሮቹን ያይ ጀመር። አንጀቴን በላው፤ አልነገርኩትም እንጂ።

በማግስቱ ወንድሙ ደወለ። ይኼ ወንድሙ ሩቅ ከተማ የመለዋወጫ መደብር ያለው፣ ካልጮኸ ስልክ የማይሠራ የሚመስለው ሰው ነው። አማቼ በደህናው እጁ ሻይ ይዞ ስለነበር ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እኔም ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። ባላደርግም ልዩነት አልነበረውም፤ የወንድሙ ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ራሱ መጣልኝ።

"ዝጋውና ና! ሚስትህን ይዘህ ና! እዚህ ባንኮኒው ላይ ትቆማለህ! በአንድ እጅ ዕቃ ማቀበል አያቅትህም! ልጁም እዚሁ ይወለዳል!"

"እስቲ ላስብበት" አለ አማቼ። "ሥራው ከቆመ ሌላ ምን አማራጭ አለኝ?"

የያዝኩትን እጅጌ ጥዬ በሩ ላይ ሄጄ ቆምኩ።

"ማነው የሚዘጋው?"

"እማማ፣ እጅ የለኝም እኮ" አለና ጀሶውን ከፍ አድርጎ አሳየኝ።

"የእኔ ሁለቱም አሉ።"

እንግዲህ እኔን የሚያውቅ ያውቀኛል። ሴት በበር ስታልፍ አይቼ ሳልለካ ቀሚሷን የምቆርጥ ሰው ነኝ። "አይቻለኝም" የሚለውን ቃል ከሌላ ሰው ሰምቼው አውቃለሁ፤ ከእኔ አፍ ሲወጣ ግን የሰማ የለም። አማቼ አንዴ እኔን አንዴ ሞተሮቹን አየ። እምቢ ለማለት ድፍረቱ ቢኖረው ኖሮ እምቢ ይል ነበር። "እሺ" አለ።

የመጀመሪያው ሥራዬ የጎረቤታችን የፀጉር አስተካካዩ ጀነሬተር ሆነ። መብራት በጠፋ ቁጥር የሚያስነሳው ነው፤ ሲሠራ እንደ በር አንኳኪ ያንኳኳል። አማቼ የላይኛውን ክዳን አስፈታኝና ውስጡን አሳየኝ። ሁለት ቫልቮች አሉ፤ አንደኛው ነዳጅና አየር ያስገባል፣ ሁለተኛው ጭሱን ያስወጣል። በየአናታቸው ላይ ከፍ ዝቅ እያለ የሚረግጣቸው ትንሽ የብረት ክንድ አለ። በክንዱና በቫልቩ ጫፍ መካከል ፀጉር የምታህል ክፍተት ትኖራለች። ክፍተቷ ስትሰፋ ነው እንዲህ የሚያንኳኳው። የሚለካትም እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋ የስስ ብረቶች ስብስብ ነው፤ ውፍረታቸው በየላያቸው ተጽፏል።

"መጀመሪያ ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚለው ፒስተን ላይኛው ጫፍ መድረስ አለበት" አለ። "ገመዱን ቀስ አድርገው ይሳቡ።"

ሳብኩ። "ደረሰ።"

"አዎ። ግን እማማ፣ ይቅርታዎንና ይኼኛው አይደለም።"

"እንዴት አይደለም? ላይ አላልክም? ላይ ነዋ!"

"ሁለት ጊዜ ነው ላይ የሚወጣው። አንዴ ጭሱን ለማስወጣት፣ አንዴ አየሩን ለማመቅ። እኛ የምንፈልገው አየሩን ሲያምቅ ነው። ያኔ ሁለቱም ቫልቮች ይዘጋሉ።"

"ታዲያ በምን ልለየው? መታወቂያ ይዞ ይወጣል?"

"እሳት የሚጭረው ካንዴላ የወጣበት ቀዳዳ ላይ አውራ ጣትዎን ይጫኑ። ሲነፋብዎት ያኔ ነው።"

ጣቴን ጭኜ ገመዱን ሳብኩ። ድንገት ከሥር የሆነ ነገር ጣቴን ገፍትሮ "ፍስስ" አለ። "ነፋብኝ!" ብዬ ስጮህ ልጄ በአንድ እጇ ሆዷን፣ በሌላው ማማሰያ ይዛ ከጓዳ ሮጣ መጣች።

እስከዚህ ቀላል ነበር። መከራው ያለው ማስተካከሉ ላይ ነው። ክንዱ ላይ ያለችውን ብሎን በካቻቢቴ እያዞርክ ክፍተቷን ታስተካክላለህ፤ ከዚያ ብሎኗ እንዳትንቀሳቀስ በካቻቢቴው እንደያዝክ የሚያስራትን ዳዶ በቁልፍ ታጠብቃለህ። እኔ ዳዶውን ሳጠብቅ ብሎኗ አብራ ትዞራለች። እንደገና እፈታለሁ፤ እንደገና አስተካክላለሁ፤ እንደገና ትዞራለች። የዳዶውን እናትና አባት ሰደብኩ። አማቼ አጠገቤ ተቀምጦ ላቡ ይንቆረቆራል፤ ግራ እጁ ሊቀማኝ ይነሳና ነውር ነው ብሎ ይመለሳል።

"እማማ፣ ከፈቀዱ፣ ካቻቢቴውን ትንሽ ጸና ቢያደርጉት፣ ማለቴ ባይከፋዎት..."

"በግልጽ ተናገር!"

"ይያዙት! አይልቀቁት!" ብሎ ጮኸ። ወዲያው ፊቱ ቀላ፤ ተነስቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ቤቴ ከገባ ጀምሮ ድምፁን ሲያነሳ ያን ዕለት የመጀመሪያ መስማቴ ነው። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ሰው ነው ለካ።

ያን ዕለት አልጨረስነውም። በማግስቱ አማቼ ጀሶውን ለማሳየት ሐኪም ቤት ሄደ። እኔ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ነፋብኝ፣ ለካሁ፣ ያዝኩ፣ አጠበቅኩ። ሆነልኝ! ስሱ ብረት በክፍተቷ ሲያልፍ ትንሽ እየያዘው ያልፋል፤ ልክ እሱ እንዳለው። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን አየኋት፤ ክፍተቷን። በእኔ ሙያ ሁለት ነገር ተጋጥሞ በመካከሉ ብርሃን ከታየ ነውር ነው፤ ደንበኛዋ ልብሱን ፊቴ ላይ ነው የምትወረውረው። ይኼ አማቼ ሥራ አይጨርስም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ፈታሁና ሁለቱንም ጥብቅ አድርጌ ገጠምኳቸው። ብረቱ አይደለም፣ ትንፋሽ እንዳያልፍ አደረግኩ።

ሳስነሳው ማንኳኳት የሚባል ነገር የለም። ፀጉር አስተካካዩ ሊወስድ መጥቶ አጠገቡ ቆሞ "በርቷል እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። ደረቴን ነፋሁ። እጁን ይዤ ሞተሩ ላይ አሳርፌ "ተሰማህ?" አልኩት። "ድንቅ ነው!" እያለ ተሸክሞ ሄደ። እኔም አማቼ ሲመለስ ምን ብዬ ትሕትና እንደማሳይ ስለማመድ ቆየሁ።

ብዙም ሳይቆይ ፀጉር አስተካካዩ ተመልሶ መጣ። ጀነሬተሩን ታቅፏል። ከኋላው ጨርቅ በአንገቱ እንደታሰረ አንድ ወፍራም ሰውዬ ቆሟል። ቀኝ ራሱ ተላጭቷል፤ ግራ ራሱ ጫካ ነው።

"መሐል ላይ ጠፋብኝ!" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "ቢሳብ ቢሳብ አይነሳም!"

"ፎቶ ልነሳ ነበር የመጣሁት" አለ ሰውዬው።

ገመዱን ሳብኩት። ወዲያው ተነሳ። ምን ሆናችሁ ብዬ ሰደብኳቸውና ሸኘኋቸው። ጥቂት ቆይተው ተመለሱ። ሰውዬው ከጆሮው በላይ ትንሽ ተጨምሮለታል። እንደገና ሳብኩ፤ እንደገና ተነሳ፤ እንደገና ሄዱ፤ እንደገና መጡ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይሠራል፣ ሲሞቅ ይሞታል። ሰውዬው በየተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነበር የሚቆረጠው። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና የጨርቅ መቀሴን አንስቼ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። የቀረውን እኔ ጨረስኩለት። ቀጥ ያለ ሆነ፤ ጨርቅ ላይ እንደማደርገው ማለቴ ነው። ሰውዬው መስታወት አላስፈለገውም፤ የፀጉር አስተካካዩን ፊት አይቶ ጨርቁን ፈትቶ ወጣ።

አማቼ ሲመጣ ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኩት። ክዳኑን አስፈትቶኝ ወደ ውስጥ አጎንብሶ አየ። ከዚያ እኔን አየ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቆጣ ነበር።

"እማማ፣ ብረት ሲሞቅ ያድጋል" አለ። "ቫልቩ ይረዝማል። ክፍተት ካላገኘ ክንዱ ላይ ያርፍና አፉን ገጥሞ መዝጋት ያቅተዋል። ሳይዘጋ ደግሞ አየሩ ስለማይታመቅ ሞተሩ ይጠፋል። የሚያስወጣው ቫልቭ ይበልጥ ስለሚግል ለእሱ ክፍተቷ ሰፋ ትላለች።"

"ያድጋል?"

"ያድጋል።"

ደሜ ፈላ። "ታዲያ ለምን መጀመሪያ አልነገርከኝም? ያድጋል ብትለኝ እኔ ለሚያድግ ነገር እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም? የተማሪ ልብስ ስሰፋ ከታች እጥፋት የማልተው ይመስልሃል? ዓመቱን ሙሉ እናቶች 'ለከርሞ እንዲደርሰው' እያሉ እጥፋት ሲያስጨምሩኝ አትሰማም?"

አማቼ ሳቀ። ጀሶውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ እንባው እስኪመጣ ድረስ። እኔም ሳላስበው ሳቅኩ። ልጄ በር ላይ ቆማ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች፤ የሰው ቤት የገባች ነው የመሰላት።

ከዚያ ወዲህ እጄን የያዘው አልነበረም። የብረቱን አያያዝ ጣቶቼ ለመዱት፤ ክር መወጠር የለመዱ ጣቶች ናቸውና ብዙ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ሳልነካው መጠበቅ ብቻ ነው የከበደኝ፤ እሱንም ቁልፍ እየተከልኩ፣ ጠርዝ እየጠቀለልኩ አሳለፍኩት። የሣር ማጨጃ ይዞ የሚመጣው አትክልተኛ "እማማ አሉ?" ብሎ መጠየቅ ጀመረ። መኪና አጣቢው የውሃ መሳቢያውን ሲያመጣ በቀጥታ እኔ ጋ ነው የሚያስቀምጠው። ፀጉር አስተካካዩም ታረቀኝ። የሥራው ቤት አልተዘጋም፤ ልጄም የትም አትሄድም። እኔስ ከዚህ ሌላ ምን ፈልጌ ነበር?

አንድ ጠዋት ወንድሙ ደወለ። አሁንም ድምፅ ማጉያው ላይ።

"ሴትዮዋ ሠለጠኑ አሉ!"

"ጎበዝ ሆነዋል" አለ አማቼ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ፈገግ አልኩ።

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ባለፈው ስደውል 'እማማን በስፌት ገቢ ብቻ፣ ያለ ሰው ጥዬ አልመጣም' አላልከኝም? ይኸው የጥገናውን ሥራ ያዙት! ቤቱን ለእሳቸው ተውላቸውና ና!"

ፈገግታዬ ፊቴ ላይ ደረቀ። ለካ እስከዛሬ ልጄን የያዘልኝ ይኼ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ያውም ለእኔ ሲል። ለካ እኔ በዚያች ካቻቢቴ ስታገል የከረምኩት ልጄን ለመሸኘት ነው። ወይ ጉድ! እንዲህ ዓይነት ጅልነት በሰው ላይ ቢደርስ ስንት ዓመት እስቅ ነበር።

አማቼ ሰበብ ለመፍጠር አይሆንም፤ ውሸት አልፈጠረበትም። "ዛሬ የመጣውን መሳቢያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማንም ሳይነካላቸው ከሠሩት፣ እንግዲህ እንመጣለን..." አለ። ወንድሙም "እኔም በስልክ እሰማለሁ! ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ!" ብሎ ዘጋ። ልጄ መጥታ አቀፈችኝ። "እማዬ፣ እንደምትችይው አውቃለሁ" አለችኝ። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። መሄድ ፈልጋ ይሁን መቅረት ፈልጋ አልጠየቅኳትም። መልሱን ፈራሁ።

የመኪና አጣቢውን መሳቢያ ይዤ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ጣቴን ቀዳዳው ላይ ጫንኩ፤ ነፋብኝ። ለካሁ። አስተካከልኩ። አጠበቅኩ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጥሩ ሥራ የሠራሁ አይመስለኝም፤ ሁለቱም ቫልቮች ልክ እንደሚገባቸው ነበሩ። ክዳኑን መልሼ ልገጥም ስል ከጓዳ የማሸጊያ ፕላስተር ድምፅ ሰማሁ። ልጄ ካርቶን እያሸገች ነው። ገና ያልተወለደውን የልጅ ልጄን ልብስ፣ እኔ የሰፋሁትን ልብስ።

ሆድ ባሰኝ። ካቻቢቴውን መልሼ አነሳሁ። የሚያስወጣውን ቫልቭ ዳዶ ፈታሁ፤ ክፍተቷን ምንም እንዳያልፍባት አድርጌ ዘጋኋት፤ ብሎኗን ጸና አድርጌ ይዤ አጠበቅኩ። አፈርኩ፤ አሁንም አፍራለሁ። የሰው ዕቃ ነው፤ የሠራሁትም ሥራ ነው። ግን ልጄን በገዛ እጄ መሸኘት አልቻልኩም።

ከሰዓት በኋላ ሁላችንም መሳቢያውን ከበን ቆምን። ቱቦው ከባልዲ ውሃ ስቦ እዚያው ባልዲ ውስጥ ይመልሳል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ወንድሙ ከዚያ ማዶ ይተነፍሳል። ገመዱን ሳብኩ። ተነሳ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ከሚገባው በላይ ለስላሳ።

አማቼ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። አወቀ። እንዴት አያውቅም? ዓይኔን ወደ ባልዲው መለስኩ።

"እንደ መርፌ ነው እኮ የሚሄደው!" ብሎ ጮኸ ስልኩ። "ሰማሁት! ምንም አያንኳኳም! በቃ ዕቃችሁን ጫኑ!"

"ይሙቅ" አለ አማቼ።

ቆምን። ሞተሩ ይሠራል። ውሃው ይዞራል። እኔ ስንት ሞተር እንዲነሳ ፈጣሪን ለምኜ የማውቅ ሰው፣ አሁን ጥርሴን ነክሼ እንዲሞት እለምናለሁ። አይሞትም! የፀጉር አስተካካዩ ጊዜ እንደዚያ ሲያዋርደኝ የዋለ ነገር፣ ዛሬ ክፉ ሲያስፈልገኝ ጨዋ ሆነብኝ። ልጄ እጄን ያዘች። እጇ ቀዝቅዟል። ወንድሙ "ስንት ሰዓት ልትሰሙት ነው? ደንበኛ ቆሞብኛል!" ይላል። አማቼ ደግሞ ስልኩን ለማጥፋት አይቸኩልም። እንዲያውም ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ሞተሩ አንዴ ሳለ። ተንገዳገደ። ደግሞ ሳለና ጸጥ አለ። ከቱቦው የቀረው ውሃ ባልዲው ውስጥ ተንጠባጠበ።

አማቼ ተነስቶ በደህናው እጁ ገመዱን ሳበ። አልተነሳም። ደግሞ ሳበ። ነፍሴ መለስ አለች፤ ወዲያውም ፊቴ በእፍረት ጋለ።

"ምንድነው? ጠፋ?" አለ ወንድሙ። "ሴትዮዋ አልቻሉም ማለት ነው?"

አማቼ እኔን አየኝ። ያ ውሸት ያልፈጠረበት ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ገና ናቸው" አለ። "መሠረቱ አልገባቸውም። እጃቸውም ይከብዳል። ብቻቸውን ልተዋቸው አልችልም፤ ቢያንስ አንድ ዓመት አጠገባቸው መቆየት አለብኝ።"

መሠረቱ አልገባቸውም! እጃቸው ይከብዳል! ለእኔ! ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ያን መሳቢያ አንስቼ ራሱ ላይ እሰብረው ነበር። ልጄ እጄን አጥብቃ እንደያዘች ትንፋሿን ለቀቀች፤ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ያኔ መልሷን አገኘሁ።

ወደ ስልኩ ጠጋ አልኩ።

"ምን አንድ ዓመት ይላል" ብዬ ጮህኩ፤ ወንድሙ እንዲሰማኝ። "አይቻለኝም እኮ! እኔ ነገር ቶሎ የሚገባኝ ሰው አይደለሁም። ሁለት ይሁን።"